ያልረጠበው ጨርቅ

ጠጠሩ ከኮቴ ሥር እያመለጠ ይንከባለላል። ምላጭ የዳማውን ፈረስ ልጓም ከአገጩ ሥር አጥብቃ ይዛ፣ ትከሻዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ እግሯን የምታሳርፍበትን እየመረጠች ቁልቁለቱን ትወርዳለች። ከፊቷ የሻለቃው ወታደሮች ከኮርቻ ወርደው ፈረሶቻቸውን እየሳቡ ይሄዳሉ። ከበታቻቸው ሜዳው ተዘርግቶ ይነድዳል። ዛፍ የለው፣ ቤት የለው፤ አየሩ ብቻ ከመሬት እየተነሣ ይርገፈገፋል። በእንዲህ ያለ ወር ፈረስ የሚነዳው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ፀሐይ ስትከር ኮርቻ ይወርዳል፣ ጥላ ይፈለጋል፤ መንገዱ የሚቀጥለው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ይህን ልጓም ጨብጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ዛሬ ግን ጦርነቱ ፀሐይን አላማከረም።

“አንቺ!” አለ ከኋላዋ የሚመጣው አለንጋ። “ያ ፈረስ ላቡን ሁሉ ለምላስሽ ነው እንዴ ያበደረው? እሱ ጠብ አይለው፣ አንቺ አታቋርጪ!”

“ያንተዋን ደግሞ ከወንዝ ነው እንዴ ያወጣሃት?” አለች ዞር ሳትል። “ጨምቀህ አስጣት እንጂ፤ መንገደኛ ታረጥባለች።”

ወታደሮቹ በዚያ ሙቀት መሣቅ ባያምራቸውም ሣቁ። አለንጋ ረጅምና ቀጭን፣ ሲራመድ ከወገቡ የሚወዛወዝ ፈረስ ጠባቂ ነው፤ ስሙንም ያወጣለት ቁመናው ነው። የሚስባት ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ባዝራ፣ ቦራዋ፣ ከአንገቷ እስከ ብብቷ አረፋ ለብሳለች። ምላጭን “ምላጭ” ያሏት ደግሞ የፈረስ ቤቱ ሰዎች ናቸው። ሊያሳፍሯት ነበር። እሷ ግን ስሙን እንደ ሜዳልያ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሜዳው ማዶ ድልድዩ ዳር ያለችውን ከተማ የጠላት ጦር መድፉን ጠምዶ ከብቧት ሰንብቷል። ተኩስ ለማቆም ቃል ተገብቷል፤ ሆኖም የገዥው መልስ ማኅተሙ እንዳለ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የጠላት አዛዥ እጅ መግባት አለበት። ከገባ የድልድዩ ደወል ይደወላል። ካልገባ የሚሰማው መድፍ ነው። ገዥው ደግሞ ከአማካሪዎቹ ጋር ሲጨቃጨቅ አድሮ ማኅተሙን ያሳረፈው ረፋዱ ላይ ሆነ። ታዲያ ይኸው፣ ወፍ እንኳ ክንፏን በማትዘረጋበት ሰዓት ሰውና ፈረስ ይጠበሳሉ።

መልሱ ያለበትን የቆዳ ኮረጆ በደረቱ ያነገተው የምላጭ ታላቅ ወንድም ነው፤ የሻለቃው መልእክተኛ። ከፊት ከነበረበት ቆም ብሎ ጠበቃትና እጁን በዳማው አፍንጫ ላይ አሳረፈ።

“እንዴት ነው?”

“እንደ አለት።”

“ጠዋት ውሃ ጠጥቷል?”

“ጠጥቷል።”

አፉን ነክሮ ነበር፤ መንከር መጠጣት ከተባለ።

“ሲተነፍስ ጎኑ ይቸኩላል ልበል?”

“ቁልቁለት ላይ አንተም ትቸኩላለህ፣ ጋሼ። ደግሞ አንተ የምትቸኩለው በአፍህ ነው።”

ወንድሟ ሣቀና በመዳፉ ራሷን መታ አደረጋት። “ቁርጥ አባባ” አለ። “ፈረስ ላይ እጅሽን ስታሳርፊ ሳይሽ እሱ የተነሣ ይመስለኛል። እኔ እንኳ ዳማውን ስጋልብ የማምነው ያንቺን እጅ ነው።”

ሌላ ቀን ቢሆን ይህ አንጀቷን ቅቤ ያጠጣት ነበር። አሁን ፊቷን ወደ ዳማው አዞረች።

እጇማ ያውቃል። ከደጋው መውረድ ከጀመሩ ወዲህ ዳማው ላብ የሚባል ነገር አልታየበትም። ሌሎቹ ፈረሶች ሲንጠባጠቡ እሱ ደረቅ ነው። ቆዳው ግን ከእሳት ማዶ እንዳለ ግድግዳ ያቃጥላል። የጨው ድንጋዩን አይልስም፤ ድርቆሹን ያሸታል፣ ይተወዋል። ግንባሩ ላይ ፀጉሩ ሳስቶ ቆዳው መታየት ጀምሯል። ባለፈው በጋ አንድ ግራጫ ውርንጭላ እንዲሁ ደርቆ ደርቆ ገንዳው ሥር እንደ ተንበረከከ ቀረ። ሰው ሁሉ “ልቡ ነው” ብሎ አለፈው። ሁለቱን ነገር ያገናኘችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ማንም ሳያስተምራት፣ በዓይኗ ብቻ። ያኔ በራሷ ምን ያህል እንደ ኮራች ታስታውሳለች። ዕውቀቷን ለማንም አልነገረችም። ቀን ሲመጣ አወጣዋለሁ ብላ አስቀመጠችው።

ቀኑ መጣ። እሷ ግን ዝም አለች። ምክንያቱ ነጩ ጨርቅ ነበር።

በዚያ ፈረስ ቤት ለከባድ ግዳጅ ፈረስ ሲመረጥ የፈረሶቹ አለቃ፣ ባልደራሱ፣ ከኪሱ ነጭ ጨርቅ ያወጣል። ከመንገድ የደረሰውን ፈረስ ከጆሮው ሥር ጀምሮ እስከ ታፋው ይጠርገዋል። ጨርቁ ደርቆ ከተመለሰ ፈረሱ ጨዋ ነው፣ ልቡ ሰፊ ነው ይባላል። ከረጠበ ተራ ነው፤ ጭነት ይጭናል። ማን እንደ ጀመረው የሚያውቅ የለም፣ የጠየቀም የለም። ጠባቂዎቹ ከምርጫ በፊት ፈረሶቻቸውን ከአለት ጀርባ ደብቀው በገለባ ሲያደርቁ የሚታዩትም ለዚሁ ነው። የተመረጠው ፈረስ ጠባቂ ጨርቁን ይሸለማል፤ የመጀመሪያው ጋጥም የእሱ ይሆናል። የመጀመሪያው ጋጥ የአባቷ ነበር። አባቷ ከሞተ ወዲህ ባዶውን ነው። ባልደራሱ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ በጠየቀችው ቁጥር “ሴት ልጅ ፈረስ ታጥባለች እንጂ የጦር ፈረስ በስሟ አይያዝም” ይላታል። “ጨርቁ ካልመሰከረልሽ በስተቀር” ብሎም ይሥቃል።

ጨርቁ ሊመሰክርላት ነው። ዳማው ማድረቅ እንኳ አላስፈለገውም።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለው ማረፊያ አንድ የድንጋይ ጋጥ፣ አንድ ጉድጓድና ሰፊ ዳስ ነው። ፈረሶቹ ወደ ዳሱ ጥላ ገቡ። የኮርቻ ጠፍር ሲፈታ፣ ባልዲ ሲጋጭ፣ ሰው ሲሳደብ ቦታው ተናወጠ። ሻለቃው ሳይቀመጥ፣ ጓንቱን እያወለቀ “ባልደራስ፣ የቱ ነው የሚሻገረው? ቶሎ!” አለ።

አጎቷ ወፍራምና አጭር ሰው ነው፤ ወገቡ ላይ የጋጦቹ ቁልፍ ሲራመድ ይንኳኳል። ጨርቁን አወጣና አራገፈው። መጀመሪያ ቦራዋን ጠረገ። ጨርቁ ከታፋዋ ሲነሣ እንደ ተጨመቀ ልብስ ጠብ ጠብ አለ፤ ወታደሮቹ አጉረመረሙ። አለንጋ ትከሻውን ነቀነቀ። “በዚህ ሙቀት ጌታዬ፣ እኔንም ቢጠርጉኝ ይኸው ነው” አለ።

“አንተን ማን ይጠርግሃል!” አለ አንዱ።

ባልደራሱ ጨርቁን ገልብጦ በንጹሑ በኩል ዳማውን ጠረገ። ከጆሮው ሥር፣ ከአንገቱ፣ ከደረቱ፣ እስከ ታፋው። ጨርቁን ወደ ብርሃን አነሣው። አቧራ ብቻ። ከዚያም ባዶ እጁን አንገቱ ላይ አሳረፈ፤ እጁ እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ። ምላጭ አፉን አየች። ይናገር፣ አለች በልቧ። እሱ ይናገርልኝ።

“ደረቅ ነው፣ ሻለቃ” አለ ባልደራሱ። “ከተራራው ጫፍ እስከዚህ ድረስ አንዲት ጠብታ አላወጣም። የወንድሜ ፈረስ ነው።”

“ይጫን።”

ወታደሮቹ “እሰይ!” አሉ። አንዱ ትከሻዋን መታ፤ ሌላው “ምላጭ፣ ዛሬማ ቆረጥሽ!” አላት። ኮርቻውን የጫነችው ራሷ ናት። ጠፍሩን ስታጠብቅ የዳማው ጎን በመዳፏ ሥር እንደ ወናፍ ይሠራ ነበር። ወንድሟ እርካቡን ረግጦ ወጣ።

“ጋሼ” አለች።

“ምን?”

ሁሉ ሰው ያያታል። ሻለቃው ያያታል። አጎቷ ጨርቁን አጣጥፎ በእጁ ይዟል።

“ስትጀምር አትጋልበው። ላላ አድርገህ ጀምር።”

“እሺ፣ እቴ” አለና ጣቱን ባርኔጣው ጠርዝ ላይ አድርጎ ተሰናበታት። ሜዳው ዋጠው።

ሻለቃውና ባልደራሱ ጋጡ አጠገብ ወዳለችው ክፍል ገቡ። ሙቀቱ እስኪበርድ ጭፍራው ሁሉ ሊያርፍ ነው። ምላጭ መቀመጥ አቃታት። አለንጋ ቦራዋን ከዳሱ ጥላ ሥር አቁሞ ከአንገቷ በታች፣ በእግሮቿ መካከል በባልዲ ውሃ ያፈሳል፤ ወዲያው በእንጨት መጥረጊያ እየጠረገ ያወርደዋል፤ ደግሞ ያፈሳል።

“ዝም ብለሽ ከምትገተሪ ያዥልኝ” አላት። “የመጀመሪያው ጋጥ ሳትገቢ እጅሽ ከበደ እንዴ?”

መሳቢያ ገመዱን ተቀብላ የባዝራዋ አንገት ላይ እጇን አሳረፈች። አንገቷ ቀዝቃዛ ነው። እንደዚያ የተጠበሰች፣ አረፋ የለበሰች፣ ጨርቁን ያዋረደች ባዝራ ከዚያ ሁሉ ርጥበት ሥር እንደ ምንጭ ዳር ድንጋይ ቀዝቅዛለች። ምላጭ እጇን አነሣችና መዳፏን አየችው። ከአሁን ቀደም ያንኑ መዳፍ ዳማው አንገት ላይ አድርጋ ነበር። ሙቀቱ አሁንም እጇ ላይ ያለ መሰላት።

ገመዱን ለቀቀች። ወደ ክፍሏ በር ሄደች። ልትናገር ነው የሄደችው፤ እግዜር ይመስክር፣ ልትናገር ነበር። እጇን ልታንኳኳ ስታነሣ የአጎቷ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

“...ስቃወማት ነበር፣ አልዋሽዎትም ሻለቃ። ግን ጨርቁ ተናገረ። ስንመለስ የአባቷን ጋጥ ቁልፍ እሰጣታለሁ። ወንድሜ ቢያይ ደስ ይለው ነበር።”

እጇ አየር ላይ ቀረ። በሩ ላይ የቆመችው ምን ያህል እንደሆነ በኋላም ስታስበው አልገባት አለ። ብዙ አይደለም። ብቻ በዚያች ጊዜ ወንድሟ ከሜዳው ምን ያህሉን እንደ ሄደ እየቆጠረች፣ አልቆጠርኩም እያለች፣ ቆመች። ከዚያ እጇን አወረደችና ዞረች።

“አለንጋ” አለች። ድምፅዋ እንደዚያ ቀጥኖ ሰምቶት አያውቅም፤ መጥረጊያውን አቆመ። “ቦራዋን ስጠኝ።”

“ምን ቆርጦኝ?”

“ዳማው አይደርስም። ታሟል። ላቡ የደረቀው ጨዋ ስለሆነ አይደለም፤ በሽታ ነው። እንደዚያ ግራጫው።”

አለንጋ ፊቷን አየ። “ከመቼ ጀምሮ?”

“ከወረድን ጀምሮ።”

“እና አንቺ—”

“አዎ። አውቅ ነበር። ስድብህን ኋላ ስደበኝ፣ እግርህ ሥር ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ። አሁን ስጠኝ።”

አልሰደባትም። መሳደቡ ይሻላት ነበር። ኮርቻ አነሣ፤ ሁለት የውሃ አቁማዳዎችን ሞልቶ ከኋላና ከፊት ጫነ። ጠፍሩን ሲያጠብቅ ብቻ፣ ቀና ሳይል፣ “ለባልደራሱ አትነግሪውም?” አለ።

“ለማነው የምነግረው? ጊዜ የለም።”

“ጊዜ የለም” አለ እሱም፤ በሩ ላይ ቆማ ሲያያት እንደነበር ገባት። “ቦራዬን እንዳትገድያት። ላብ አላት፤ ላቧን ጠብቂላት። በሶምሶማ እንጂ በግልቢያ አትሂጂ። እኔ በበቅሎ በርሜል ጭኜ እከተላለሁ።”

“አውቃለሁ።”

“አታውቂም። ብታውቂማ እዚህ አትደርሺም ነበር።”

ሜዳው ላይ ከላይም ከታችም እሳት ነው። ምላጭ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማ ቦራዋን በሶምሶማ ነዳቻት፤ ተረከዟ ካሁን አሁን ሆዷን ሊመታ ይልና ትይዘዋለች። ባዝራዋ ታልባለች፤ ነፋስ ነካ ሲያደርጋት ምላጭ ጭኗ ሥር ቅዝቃዜው ይሰማታል። “ተባረኪ” ትላታለች፣ ያንን ሁሉ ቀን ስትሰድባት የዋለችውን። “ተባረኪ እናቴ፣ አልቢልኝ።” ዓይኗ ከአድማሱ አይነቀልም። ወንድሟን ወድቆ ልታየው ትፈልጋለች፣ ልታየው ትፈራለች። በሩ ላይ ቆማ ያሳለፈችው ጊዜ እየተከተላት ነው። አሁን ይህችን ቁጥቋጦ ያለፍኩት ያኔ ባንኳኳ ኖሮ ቀድሜ ነበር፣ ትላለች። ያቺንም። ያቺንም።

ከሜዳው መካከል አንድ ደረቅ ወንዝ ጋ ስትደርስ አየቻቸው። ዳማው እግሮቹን አንፈራጦ ቆሟል፤ ራሱ ከጉልበቱ በታች ወርዷል። ወንድሟ ኮርቻውን አውልቆ ጥሎታል። ኮቱን በሁለት እጁ ወጥሮ ከፈረሱ ራስ በላይ ጥላ ሠርቶ ቆሟል። ኮዳው ባዶ ሆኖ መሬት ላይ ወድቋል፤ የሚጠጣውን ለፈረሱ ጭንቅላት አፍስሶታል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

“መጣሽ!” አለ። ማመን ያቃተው ይመስላል። “ዝም ብሎ ቆመብኝ። ስመታው አልሰማ አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ መምታቱ አስጠላኝ... ማን ላከሽ?”

“ኮረጆውን ይዘሃል?”

“ይዣለሁ። ግን አንቺ እንዴት አወቅሽ?”

“ፀሐይዋን እያት፣ ጋሼ! ውጣ!” አቁማዳዎቹን ጎትታ አወረደች። “በግልቢያ አትነዳት። ከደከመች ውረድና አብረህ ሩጥ። ጠጣ መጀመሪያ። ጠጣ!”

ጠጣ። ቦራዋ ላይ ወጣ። ልጓሙን እንደ ያዘ ዞሮ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ያ ጥያቄ እንዳለ ነው።

“ኋላ” አለችው። “ሂድ።”

ሲርቅ ወደ ፈረሱ ዞረች። ነጠላዋን በውሃ ነክራ ጀርባው ላይ አለበሰችው፤ ርጥብ ነገር ያበርደዋል ብላ። ጥቂት ቆይታ እጇን ከሥሩ ስትከት እንደ ተከደነ ድስት ሆኗል፤ ሙቀቱን አፍኖ ይዞታል። “ወይኔ” ብላ ገፈፈችው። ከዚያ ያ አለንጋ የሚሠራውን ሠራች። ውሃ በእፍኟ ከአንገቱ፣ ከደረቱ፣ ከጭኖቹ መካከል ታፈሳለች። በክንዷ ጠርጋ ታወርደዋለች፤ የወረደው ውሃ ይሞቃል። እንደገና ታፈሳለች። ነፋስ በመጣ ቁጥር ፊቱን ወደ ነፋሱ ታዞረዋለች። በፀሐይዋና በእሱ መካከል ቆማ ጥላዋን አንገቱ ላይ ትጥላለች። ጥላዋ ትንሽ ነበረች። እንደዚያን ቀን ወፍራም በሆንኩ ብላ ተመኝታ አታውቅም።

“አትሙትብኝ” አለችው። “ስንት ሰው ላይ ስንት ቃል ስወረውር ኖሬ፣ አንዲት ቃል ላንተ ነፈግሁህ። አትሙትብኝ።”

አቁማዳዎቹ ሲያልቁ አለንጋ ደረሰ። በበቅሎው ግራና ቀኝ በርሜል ጭኗል። ከርቀት “ቆሟል?” ብሎ ጮኸ። “ቆሟል!” ስትለው ወርዶ ባልዲ ሰጣት። ሁለቱ በሁለት ጎን ሆነው አፈሰሱ፣ ጠረጉ፣ አፈሰሱ። አለንጋ ጨው የበጠበጠበትን ውሃ በሌላ ባልዲ አፍንጫው ሥር አቆመለት። ዳማው ከንፈሩን ነከረ፣ አወጣ፤ ነከረ፣ አወጣ። ቆይቶ፣ ሁለቱም ተስፋ መቁረጥ ሲጀምሩ፣ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አዩ። አንድ ጉንጭ። ሌላ።

ፀሐይዋ ቀይ ሆና መሬት ልትነካ ስትል ከሜዳው ጫፍ ደወል ተሰማ። ቀጭን ድምፅ፣ ከሩቅ፤ ቆሞ ደግሞ ቀጠለ። መድፍ አልነበረም። ምላጭ ባልዲውን እንደ ያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች።

“ደረሰ” አለ አለንጋ። እሱም በጎኗ ተቀመጠ። “ቦራዬ አደረሰችው። ተራዋ ባዝራ።”

“አዎ።”

“አልሰማሁሽም።”

“ቦራህ አደረሰችው” አለች። ሌላ ጊዜ ጥርሷን ቢያወልቁ አትለውም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የሻለቃው ጭፍራ ወደ ድልድዩ ሲሄድ ደረሰባቸው። ሻለቃው ፈረሱን አቁሞ ዳማውን፣ በርሜሉን፣ አቧራና ውሃ የተቦካባትን ልጅ ተመለከተ።

“ባዝራ ይዛ ጠፋች የተባለችው ይህች ናት?”

ምላጭ ተነሣች። አፏን ከፈተች። አለንጋ ቀደማት።

“እሷ ናት፣ ጌታዬ ሻለቃ። ፈረሱ ከወጣ በኋላ ልቧ ጠረጠረ። ሰው ሳትቀሰቅስ ባዝራዬን ይዛ ተከተለችው። እሷ ባትኖር ያ ደወል አይደወልም ነበር።”

በሐሰት መሐል እውነት፣ በእውነት መሐል ሐሰት ነበረበት። ሻለቃው ጓንቱን አውልቆ እጇን ጨበጣት። ወታደሮቹ ጮኹላት። አጎቷ ከፈረሱ ወርዶ መጣ፤ ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል። ነጩን ጨርቅ ከኪሱ አወጣ።

“አጎቴ፣ እኔ ፈረሱ ደረቅ—”

“ዝም በይ” አለ ቶሎ ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ሻለቃውን በጎን አየት አድርጎ። ከዳማው አንገት ላይ ባቆየው በዚያው እጁ ጨርቁን ዘረጋላት። “ሰው ሲያመሰግንሽ ዝም ይባላል፣ ልጄ። ጨርቁ አይሳሳትም። ፈረሱን ሙቀቱ ነው የጣለው። እንዲያ ነው የሚባለው፤ ገባሽ?”

ገባት። ጨርቁን ተቀበለች። ጭፍራው በአቧራ ተሸፍኖ አለፈ።

“ለምን ዋሸህልኝ?” አለችው አለንጋን።

“እንጃ” አለ፣ በርሜሉን እያዘነበለ። “ከእኔ ጋር ይቆይልሽ። ስትሰድቢኝ ትዝ ይበልሽ።” ይህን ሲል አልሣቀም።

ምላጭ ጨርቁን አየችው። አባቷ በዚህ ጨርቅ ምን ያህል እንደ ኮራ፣ እሷም እንደ አንድ ርስት ስታልመው እንደ ኖረች አሰበች። ባልዲው ውስጥ ነከረችው።

“ኧረ ያንን ጨርቅ!” ብሎ ጮኸ አለንጋ።

“ጨርቅ ነው” አለች። ጭምቅ አድርጋ ከዳማው ዓይኖች ላይ ጭቃውን ጠረገችለት፤ አፍንጫውን አጠበችለት፤ ከጆሮው ሥር አበሰችው። ነጩ ጨርቅ አመድ መሰለ።

ጨረቃ ከወጣች በኋላ ወንድሟ ተመለሰ። ቦራዋን አልተቀመጠባትም፤ በእግሩ እየሳበ ነው የመጣው። ባዝራዋ ራሷን ጥላለች፣ ግን ጆሮዋ ተቀስሯል። አለንጋ ሮጦ አንገቷን አቀፈና ልጓሙን ተቀብሎ በርቀት ወስዶ ያጥባት ጀመር። ወንድሟ ከዳማው ፊት ተንበረከከ። ግንባሩን ከፈረሱ ግንባር አገናኘ።

“ድልድዩ ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ፈሰሰ” አለ፣ ለፈረሱ ይሁን ለእሷ ሳይለይ። “ሴቶች እየጮኹ እግሬን ይስማሉ። እኔ የማስበው ይህን ነበር።” ቀና አለ። “አሁን ንገሪኝ። አለንጋ ነው አይደል የጠረጠረው? እሱ አይቶ ነው የነገረሽ?”

መንገዱን ራሱ ጠርጎላት ነበር። አዎ ብትል ያልፋል። አለንጋ አይክድባትም። ደግሞም ማንም አልሞተም፤ ደወሉ ተደውሏል፤ ጋጡም እየጠበቃት ነው።

“አይደለም” አለች። “እኔ ነኝ ያወቅሁት።”

“መቼ? ከሄድኩ በኋላ?”

“ቁልቁለቱ ላይ ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር። ከዚያም በፊት። ኮርቻውን ስጭንልህ አውቅ ነበር።”

ወንድሟ አያት። እሷም አየችው፤ ዓይኗን ብትሰብር ይቀልላት ነበር፣ አልሰበረችም። ሊጠይቃት የፈለገው ሌላ ነገር ነበር፤ ለምን የሚል። እጇ ውስጥ ያለውን ያደፈ ጨርቅ ሲያየው ግን መልሱን ያገኘው መሰለ።

ተነሣ። ባዶውን ባልዲ አነሣና ወደ በርሜሉ ሄደ። ምላጭ የዳማውን ጆሮ ሥር ዳሰሰች። ርጥብ ነው። ያጠበችው ውሃ ይሁን እሱ ያላበው ማወቅ አልቻለችም፤ እጇን እዚያው ላይ አቆየችው።

ወንድሟ ባልዲውን ሞልቶ ተመለሰ። ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። እሱ ግን አጠገቧ አልፎ ባልዲውን ከፈረሱ እግር ሥር፣ መሬት ላይ አስቀመጠውና በሌላው ጎን ዞሮ መጥረጊያውን አነሣ።